እውነት ወይስ ተረት? «ጓደኞቼን በደንብ ካስረዳኋቸው ይጫወታሉ»

የትንንሽ ምስሎች ጨዋታ ፍቅር የያዘውን ሰው ሳታውቁ አትቀሩም፤ ምናልባትም እናንተው ናችሁ። ጠረጴዛ ላይ ፍርስራሽ ቤትና ኮረብታ ተደርድሮ፣ የጣት ቁመት እንኳ የማይሞሉ ወታደሮች በሜትር እየተለኩ ሲንቀሳቀሱ፣ ዳይስ ተወርውሮ ማን እንደተመታ ሲወሰን ያያል። ይወደዋል፤ ሳጥኑን ይገዛል፤ ከዚያ አብሮት የሚጫወት ሰው ያጣል። ለጓደኞቹ ቪዲዮ ይልካል፣ በተገናኙ ቁጥር ያብራራል። እነሱም «እሺ፣ አንድ ቀን» ይላሉ። ያ ቀን ሳይመጣ ሲቀር የሚደርስበት መደምደሚያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ገና በደንብ አላስረዳኋቸውም።

ይህ ተረት ነው። በማብራሪያ ብዛት ወደ ጨዋታ የሚገባ ጓደኛ ከስንት አንድ ነው። ሰው የሚገባው ወንበር ስቦ ሲቀመጥና ዳይሱን በእጁ ሲይዝ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አስቀድሞ የሚጠየቀው ነገር ባነሰ ቁጥር ይቀለዋል። ብታምኑኝም ባታምኑኝም የጨዋታው የራሱ ታሪክ ይህን ይመሰክራል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 «ሊትል ዎርስ» የተባለች ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአሻንጉሊት ወታደር ለሚደረጉ የዛሬ ጨዋታዎች እንደ መሠረት የምትቆጠር መጽሐፍ ናት። ዌልስ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ሲተርክ በስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ የሚጠራውን አንድ ጓደኛውን ያነሳል፤ ደራሲው ጀሮም ኬ ጀሮም እንደሆነ ይታመናል። ሁለቱ ምሳ በልተው ቡና እየጠበቁ ነው። ክፍሉ የልጅ መጫወቻ ተዝረክርኮበታል። አጠገባቸው ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አራት አምስት ወታደሮችና በሞላ የምትተኩስ የአሻንጉሊት መድፍ አሉ። ጓደኛው ወንበር ስቦ ተጠጋ፣ መድፏን አገላብጦ አየ፣ አጎረሰ፣ አነጣጠረ፣ አንዱን ወታደር ጣለ። ከዚያም ጉራውን ነዛ፤ ኑና ግጠሙኝ አለ። ልብ በሉ፦ ማንም ምንም አላስረዳውም። የሚያስረዱት ሕግም ገና አልነበረም፤ ሕጉ የተበጀው ተኩሱ ከጣማቸው በኋላ ነው።

ከዌልስም በፊት በፕረሽያ እንዲሁ ሆኗል። ራይስቪትስ የተባለ ወጣት መኮንን በ1824 የጦርነት ጨዋታውን ለኤታማዦር ሹሙ ለጄኔራል ሙፍሊንግ ሊያሳይ ሲቀርብ፣ ጄኔራሉ የተቀበሉት በቀዝቃዛ ፊት ነበር። ካርታው ተዘርግቶ፣ ጦሩ ተሰልፎ፣ ጨዋታው ፊታቸው መካሄድ ሲጀምር ግን ስሜታቸው ከእርምጃ ወደ እርምጃ ተለወጠ፤ በመጨረሻም ለመላው ሠራዊት እንዲዳረስ ደገፉት። ጄኔራሉን ንግግር ቢያሳምናቸው ኖሮ ገና ከመጀመሪያው ፊታቸው በተፈታ ነበር።

ታዲያ ተረቱ ለምን አይሞትም? ለኔ የሚታየኝ ዋናው ምክንያት፣ ስለሚወዱት ነገር ማውራት ራሱ ደስታ ስለሆነ ነው። የየጦሩን ታሪክ፣ የየመሣሪያውን ኃይል፣ ባለፈው የተደረገውን ግጥሚያ ሲያወራ ተናጋሪው በልቡ እየተጫወተ ነው። አድማጩ ግን የሚያየው ነገር የለም፤ የሚሰማው የማያውቃቸው ስሞችና ቁጥሮች ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል። ወዳጅ ለወዳጁ ፊት ለፊት «አልፈልግም» አይልም፤ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፣ «ደስ ይላል» ይላል። ተናጋሪው ያንን «ደስ ይላል» እንደ ግማሽ ስምምነት ይቆጥረውና በሚቀጥለው ሳምንት የቀረውን ግማሽ ሊያስጨርስ ይመጣል።

«ቢያንስ ሕጉን አንብቦ ይምጣ» የሚሉም አሉ። አስተሳሰቡ ከክፉ ልብ የመጣ አይደለም፤ እንግዳው ግራ እንዳይጋባ፣ እንዳያፍር ብለው ነው። ግን እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ገበጣን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ታውቃላችሁ? ሰው ገበጣን የሚለምደው አጠገብ ቁጭ ብሎ እያየ፣ ጠጠሩን እየበተነ፣ ሲሳሳት እየታረመ ነው። የምስሎቹ ጨዋታ ሕጉ ቢበዛም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። ፕረሽያውያኑም ይህን ያውቁ ነበር፤ በእነሱ ጨዋታ መኮንኖቹ ትእዛዝ ይሰጣሉ፣ ሕጉን የሚያውቀውና ውጤቱን የሚናገረው ዳኛው ነው። በ1876 ደግሞ ፌርዲ ዱ ቬርኗ የተባለው መኮንን የሕጉን ሰንጠረዥ ጨርሶ ትቶ ሁሉም በዳኛው ፍርድ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። እናንተም ለመጀመሪያው ቀን እንደዚያ ዳኛ ሁኑ። ጓደኛችሁ «ከግድግዳው ጀርባ ገብቼ ያንን ረጅሙን መተኮስ እፈልጋለሁ» ይበል፤ እናንተ «እንግዲያው ይህን ያህል ሂድና ሁለት ዳይስ ወርውር» በሉት። ደንቡን ከጨዋታው ውስጥ እየለቀመ ያገኘዋል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ጨዋታ ላሳያችሁ። ማይክ ሃቺንሰን የጻፈው ጋስላንድስ በ2017 ኦስፕሬይ በተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ የወጣ ነው። የሚጫወቱት ልጆች በሚነዷቸው በማችቦክስና በሆት ዊልስ ዓይነት ትንንሽ መኪኖች ነው። ታሪኩ ምድር ፈራርሳ፣ ሰዎች በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የሞት ሽቅድምድም ወደ ማርስ የሚወስድ ቲኬት ለማሸነፍ ሲጋጠሙ ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት ኩባያ አስቀምጡና ሁለት በር አድርጓቸው። ጓደኛችሁን መኪና አስመርጡት፤ ይህች ምርጫ ቀላል እንዳትመስላችሁ፣ ቀይዋን ካነሳ በኋላ «የኔ መኪና» ማለት ይጀምራል። ከዚያ ቀጥታ፣ ለስላሳ መታጠፊያ፣ ጠባብ ኩርባ ሆነው ከተቆረጡት የካርቶን ማስኬጃዎች አንዱን አንስቶ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ያስቀምጣል፤ መኪናዋ ማስኬጃው የሚያልቅበት ቦታ ትሄዳለች። የማርሹ ቁጥር በአንድ ዙር ስንት ጊዜ እንደምትንቀሳቀስ ይወስናል፦ በአራተኛ ማርሽ ያለች አራት ጊዜ፣ በአንደኛ ያለች አንዴ ብቻ።

መንዳት የማያውቅ ሰው እንኳ ቀጥሎ የሚመጣው ይገባዋል። በከፍተኛ ማርሽ ጠባብ ኩርባ የሚይዝ አደጋ ይጠራል፤ ለያንዳንዱ አደጋ መኪናዋ አጠገብ አንድ ምልክት ይቀመጣል፣ ከቤት ያለ ባቄላ ይበቃል። ባቄላው ስድስት ሲሞላ መኪናዋ ከቁጥጥር ወጥታ ትሽከረከራለች፣ ወደ አንደኛ ማርሽ ትወርዳለች፣ ባላጋራዋም በፈለገው አቅጣጫ ያዞራታል። አምስት ባቄላ የተቀመጠበት ጓደኛችሁ ሁለተኛው በር ፊት ቆሞ «ልሞክረው ወይስ ላብርድ?» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ሲያጎነብስ እዩት። በዚያ ሰዓት ስለጨዋታው የምታስረዱት አንዳች የቀረ ነገር የለም። መኪኖቹ የሚታጠቁትን መትረየስ እንኳ ቆይታችሁ ብታስገቡ ይሻላል፤ ጨዋታው ራሱ በሽቅድምድሙ የመጀመሪያውን በር ያላለፈ እንዲተኩስ አይፈቅድም።

ሌላው የጸና ወሬ «ውድ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጦር መግዛት አለበት» የሚለው ነው። ወሬው ከመሬት አልተነሳም። በዓለም በጣም የታወቀው የዚህ ዓይነት ጨዋታ በ1987 የወጣው ዋርሃመር 40,000 ነው፤ አምራቹ ጌምስ ወርክሾፕ ዋና ቤቱ እንግሊዝ ኖቲንግሃም ሲሆን ምስሎቹም በእርግጥ ውድ ናቸው። ተጫዋቾች ስለ «ሙሉ ጨዋታ» ሲያወሩ የሚያስቡት 2,000 ነጥብ የሚያወጣ ጦር ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ሳጥን፣ ብዙ ማስቲሽና ወደ ሦስት ሰዓት የሚወስድ ግጥሚያ ማለት ነው። ያንን ዋጋ የከፈለ ሰው ዋጋውን እንደ መግቢያ በር ቢያየው አይፈረድበትም። ነገር ግን ያው ኩባንያ በ2023 የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግ በነጻ አውጥቷል፤ በአንድ ሳጥን ምስል የሚደረግና አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ አጭር ዓይነትም አለው። እንግሊዝ ወይም አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች ወደ ሱቆቹ ጎራ ብትሉ ደግሞ ትልቁን ማስረጃ ታገኛላችሁ፦ አዲስ ሰው ሲገባ ሠራተኞቹ አንድ ምስል በነጻ ያስቀቡታል፣ አጭር ጨዋታም ያጫውቱታል። ሊሸጡ የተቀመጡት ሰዎች እንኳ ደንበኛ የሚይዙት በእጁ ላይ አንድ ነገር በማስቀመጥ ነው።

ከዚያ ሱቅ ውጭ ደግሞ ርካሹ ይበዛል። ጆሴፍ ማካላ በ2015 ያወጣው ፍሮስትግሬቭ ከአንድ ተጫዋች የሚጠይቀው አንድ ጠንቋይ፣ አንድ ረዳቱንና እስከ ስምንት የሚደርሱ ወታደሮችን ብቻ ነው፤ ከየትኛውም አምራች የመጣ ምስል ይሆናል። የጋስላንድስ መኪና ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የልጅ መጫወቻ በሚሸጥ ሱቅ ሊገኝ ይችላል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ቀን ሁለቱንም ወገን እናንተ አዘጋጁ። ጓደኛችሁ ጊዜውን ብቻ ይዞ ይምጣ።

«ያልተቀባ ምስል ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ነውር ነው» የሚለውም ብዙ ሰው አስቀርቷል። ምንጩ ግልጽ ነው፤ በዋርሃመር ግጥሚያ ጦሩን ቀብቶ የመጣ ከ100 ነጥብ 10ሩን በዚያ ብቻ ያገኛል፣ የሚታዩት ፎቶዎችም ሁሉ በባለሙያ የተቀቡ ናቸው። ይህ የውድድር ደንብ ነው። ሳሎናችሁ ውስጥ ግን ግራጫ ፕላስቲክ ከግራጫ ፕላስቲክ ጋር ቢዋጋ ማንም አይከሳችሁም። እንዲያውም መቀባቱን የሚወድ ጓደኛ መጫወቱን ከሚወደው ቀድሞ ሊገኝ ይችላል፤ እሱን ብሩሽ ስጡት።

«እንዲወደው መጀመሪያ ላይ አታሸንፈው፣ ልቀቅለት» የሚል ምክርም ትሰማላችሁ። አትልቀቁለት። ትልቅ ሰው ሲለቀቅለት ያውቃል፤ ድሉም ይመረዋል። ይልቅ ጠንካራውንና ለመያዝ ቀላሉን ወገን ስጡት፣ ሁለት አማራጭ ሲኖረው የየራሳቸውን ጥቅም ንገሩት፣ ውሳኔውን ለእሱ ተዉለት።

በመጨረሻ፣ «ጨዋታው ጥሩ ከሆነ ሁሉም ይወደዋል» የሚለው አለ። እኛን የማረከን ጨዋታ ሌላውን የማይማርክበት ምክንያት አይታየንምና ይህን ማመን ቀላል ነው። ነገር ግን ታሪክ የሚያነብ ጓደኛ ስለ ጠፈር ጦረኞች ላይገደው ይችላል፤ ስለ መኪና ሲወራ ዓይኑ የሚበራው ደግሞ ጠንቋይ አይገባውም። ከጨዋታችሁ ሳይሆን ከጓደኛችሁ ተነሱ። ወዳጁን መምታት የሚከብደው፣ በካርታ ጨዋታ እንኳ ሲረታ ለተረታው የሚያዝን ሰው አለ፤ እሱን ባላጋራ አታድርጉት። ያው ማካላ በ2018 ሬንጀርስ ኦፍ ሻዶው ዲፕ የተባለ ጨዋታ አውጥቷል፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ በአንድ ወገን ሆነው ጨዋታው ራሱ የሚያንቀሳቅሳቸውን ጭራቆች ይገጥማሉ። ለብቻም ይጫወቱታል፤ ስለዚህ ጓደኛችሁ እስኪመጣ ድረስ ሕጉን የምትለማመዱበት እሱው ነው፣ ሲመጣም ሁለተኛውን ተዋጊ ከጎናችሁ ያቆማል።