አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ «ቤቴ ባዶ ከሆነ ወራት አለፉ፣ ተከራይ ከየት ላምጣ?» የሚል ስለሆነ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው።

እኔ የማከራየው ቤት የታላቅ እህቴ ነው። ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ያገኘችው የ20/80 ኮንዶሚኒየም፤ ጀሞ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ሃያ በመቶውን ከፍላለች፣ ሰማንያው የባንክ ብድር ነው። ቤቱ ተከራየም አልተከራየም ብድሩ በየወሩ ይከፈላል። ኪራይ በጠፋበት ወር ክፍያው የሚወጣው እዚያ ቀን ከሌት ከምትለፋበት ደመወዟ ነው። ቤቱ ሦስት ወር ባዶ በቆመ ጊዜ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነበር።

ቀለም አስቀባሁ። የወለቀ የቁም ሳጥን እጀታ አስተካከልኩ። ለሦስት ደላሎች ነገርኩ። ሰው ይመጣል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ሳሎኑን አይቶ «ያምራል» ይላል። ከዚያ ሻወር ቤት ገብቶ ቧንቧውን ይከፍታል። ቧንቧው አየር ያንኮራፋል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። «እንደዋወላለን» ብሎ ይወርዳል። የደወለ ግን አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ልጅ ያዘለች ሴት መጣች። ቧንቧውን ከፍታ ዝም ስትል እንደለመድኩት «ዛሬ ነው እንጂ ብዙ ጊዜ አይጠፋም» አልኳት። ዘወር ብላ «ወንድሜ፣ እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ። የሚመጣበትን ቀን ብቻ ንገረኝ፣ እንዴት እንደምኖር እኔ አውቃለሁ» አለችኝ። ቀኑን አላውቀውም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሰው እንዲኖርበት የምለምንለትን ቤት ራሴ አላውቀውም ነበር።

በዚያው ሳምንት ፍራሽ ይዤ ሄጄ እዚያ አደርኩ። ጥበቃውንና የታች ጎረቤቶችን ጠየቅኩ። ውሃው ማክሰኞና ዓርብ ማታ ይለቀቃል፤ ግን ታች ያሉት ሁሉ እስኪሞሉ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። እኛ ጋ የሚደርሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው፣ እስከ ንጋት ይቆያል። ክዳን ያላቸው ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜሎችና አንድ ጎማ ገዛሁ። ከዚያም ማስታወቂያውን እንዲህ ብዬ እንደገና ጻፍኩት፦

«ጀሞ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ይመጣል፣ 400 ሊትር የሚይዝ በርሜል አለ። ምጣድ የሚችል መስመር አለው። የመብራት ቆጣሪው የግል ነው። ልጅ ያላችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ።»

የሚደውለው ሰው ቀነሰ። የሚመጣው ግን ሁሉን አውቆ፣ ደረጃውንም ውሃውንም ተቀብሎ ነው። ከመጡት ሁለተኛዎቹ ባልና ሚስት ተከራዩት።

ስለ ምጣዱ ላስረዳ፤ ብዙ አከራይ የማያስበው ነገር ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ቤት ስታይ ከመኝታ ቤቱ በፊት የምታየው የኩሽናውን ሶኬት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል። በቀጭን ሽቦ በተሠራ ተራ ሶኬት ላይ ሲሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ወይ ቆጣሪው ይጥላል። እኛ ቤት ያለው ሶኬት ዳሩ ጠቁሮ ነበር፤ የቀድሞው ተከራይ የጋገረበት ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ከማከፋፈያው ሳጥን ወፍራም ሽቦ በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አስዘረጋሁ። ወጪው ከቀለሙ ያነሰ ነበር። ተከራይዋ ገና እንደገባች ጣቷን እሱ ላይ አድርጋ «ይሄ የምጣድ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ነው ስላት ባሏን ዞር ብላ አየችው። ለእኔ ቤቱ የተከራየው ያን ጊዜ ነው።

ሌላው ሽታ ነው። ቤት ተዘግቶ ሲቆይ በሻወሩና በእቃ ማጠቢያው ማስወገጃ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ይደርቅና የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት ይወጣል። በየሳምንቱ በየማስወገጃው አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱ፣ መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱ። ፎቶ ደግሞ ጠዋት፣ መጋረጃው ተገልጦ ይነሳ። ኩሽናና ሽንት ቤት ያልታየበት ማስታወቂያ ሰው ይጠራጠረዋል፣ እውነትም አለው።

ዋጋን በተመለከተ፣ በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚያስታውቀው መጠን ነው። ስለዚህ ብዙ አከራይ ገና ከመጀመሪያው ዋጋ ሰቅሎ ይጠብቃል። ለምሳሌ 15,000 ብር የሚያወጣን ቤት 17,000 ብላችሁ ሁለት ወር ባዶ ቢቆይ 30,000 ብር አጣችሁ ማለት ነው። ያንን በ2,000 ብር ልዩነት ለመመለስ 15 ወር ይፈጃል፤ ከሁለት ዓመቱ ውል ከግማሽ በላይ። የስድስት ወር ቅድሚያ የምትጠይቁም አላችሁ። አዋጁ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል። ደግሞስ ደመወዝተኛ ሰው የስድስት ወሩን በአንዴ ከየት ያመጣል? በሰዓቱ የሚከፍላችሁን ሰው ከበር ላይ መመለስ ነው።

«ልጅ አላችሁ?» እያላችሁ የምትመልሱም እባካችሁ አስቡበት። ልጁን ሰፈር ውስጥ ትምህርት ቤት ያስገባ ቤተሰብ በቀላሉ አይለቅም። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ቢሳልበት በቀለም ይሸፈናል።

ለደላላውም የጻፋችሁትን ያንኑ ንገሩት። ውሃውን ከደበቃችሁት እሱም ይደብቀዋል፣ እናንተም በከንቱ በር ስትከፍቱ ትውላላችሁ።

ቁልፍ በሰጠሁ ዕለት ከተከራዩ ጋር ሆነን የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ንባብ በሁለታችንም ስልክ ፎቶ አነሳን። የቀድሞው ሰው ዕዳ እንደሌለበት የመጨረሻውን ደረሰኝ አሳየሁት። በማግስቱ አብረን ወረዳ ሄደን ውሉን አስመዘገብን። ኪራዩም በየወሩ በባንክ በቀጥታ እህቴ ሒሳብ ይገባል። ረቡዕ ጠዋት ደውዬ «ውሃ እንዴት ሆነ?» ብዬ ስጠይቀው «8 ሰዓት ተነስተን ሁለቱንም በርሜል ሞላን» አለኝ።