ዜሮ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ ቁጥሩ

በ1991 ዓ.ም. ክረምት፣ ሮም፣ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሆቴል ውስጥ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት ጋር ለማገናኘት ስታገል አመሸሁ። ላፕቶፑ አሜሪካ የተገዛ፣ ዊንዶውስ 95 የተጫነበት፣ በዚያን ጊዜም ቢሆን አሮጌ ከሚባሉት ነበር። ቁጥሩን አስገብቼ ደውል ስለው ለአፍታ ዝም ይልና ሁሌ አንድ መልስ ይሰጠኛል፦ የመስመር ድምፅ የለም። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ እንደገና ነቀልኩ። ያው ነው። ሲሰለቸኝ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ። የሌሊቱ ተረኛ የአገር ሰው ነበሩ፤ ጠጉራቸው ገብስማ፣ አማርኛቸው ጣሊያንኛ የተቀላቀለበት።

«ጋሼ፣ የክፍሌ ስልክ የሞተ ይመስለኛል።»

ምንም ሳይሉ ተከትለውኝ ወጡና እጀታውን አንስተው ጆሮዬ ላይ ለጠፉት። «ይኸው ይጮሃል እኮ ልጄ! ያንተ ማሽን ጆሮ የለውም እንዴ?»

ጆሮስ ነበረው፤ ግን ጆሮው አሜሪካ የተወለደ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስልክ ሲነሳ የሚሰማው እምምም የሚል ድምፅ የ350 እና የ440 ኸርዝ ቃናዎች ድብልቅ ሲሆን ሳይቆራረጥ ይፈሳል። የጣሊያኑ ደግሞ 425 ኸርዝ ላይ ያለ አንድ ቃና ነው፤ አንዴ አጠር፣ አንዴ ረዘም እያለ ይቆራረጣል። ለሰው ጆሮ ሁለቱም «መስመሩ አለ፣ ደውል» ማለት ናቸው። የላፕቶፑ ሞደም ግን ያልተቆራረጠውን እየጠበቀ ይቆይና ተስፋ ይቆርጣል። መድኃኒቱ አንዲት ትእዛዝ ነበረች፦ ኤክስ 3። «የመስመሩን ድምፅ አትጠብቅ፣ ዝም ብለህ ደውል» ማለት ናት። ትእዛዙን መጻፍ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ከሞደሙ ቅንብር ገብቶ «ከመደወል በፊት የመስመር ድምፅ ጠብቅ» ከምትለው ሳጥን ላይ ምልክቱን ማጥፋት ይበቃዋል። ይህችን ለማወቅ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ።

የሞደም ታሪክ በሙሉ በዚህ ዓይነት ነገር የተሞላ ነው፤ ምክንያቱም ሞደም ሰው መስሎ ካልሆነ በስልክ መስመር ማለፍ አይችልም። የስልክ መስመር የተዘረጋው ለወሬ ነው። ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ያሳልፋል፤ ለመደማመጥ ይህ ይበቃል ተብሎ ከዚያ በታችና በላይ ያለው ተቆርጦ ይቀራል። የኮምፒውተር አንድና ዜሮ እንዳለ ቢለቀቅበት በዚህ ወንፊት አያልፍም። ስለዚህ ሞደሙ አንዱንና ዜሮውን ድምፅ አልብሶ ይልካል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሞደም ልብሱን ያወልቅለታል። ስሙም የተገኘው ከዚሁ ነው፤ ሞዱሌተር አልባሹ፣ ዲሞዱሌተር አውላቂው፣ ሁለቱ ተቆርጠው ሲገጣጠሙ ሞደም።

መጀመሪያ ላይማ ማስመሰሉ በአካልም ጭምር ነበር። አሜሪካ ውስጥ የስልክ ኩባንያው የራሱ ያልሆነ ዕቃ ከመስመሩ ጋር እንዲያያዝ አይፈቅድም ነበርና፣ የስልኩን እጀታ እንዳለ አንስቶ ሁለት የጎማ ኩባያዎች ላይ ማስተኛት ግድ ነበር። በአንዱ ኩባያ ያለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወደ እጀታው አፍ ትጮሃለች፣ በሌላው ያለች ማይክሮፎን ከእጀታው ጆሮ ታዳምጣለች። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1968 ካርተርፎን በተባለ መሣሪያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ክልከላው ላላ። ያም ሆኖ ኩባያዎቹ ከገበያ አልጠፉም፤ ሶኬት በሌለበት ክፍልና በመንገድ ዳር ስልክ ላይም ስለሚሠሩ መንገደኛ ጋዜጠኛ እስከ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ድረስ በሻንጣው ይዟቸው ይዞር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 ሄይስ የተባለው የጆርጂያ ኩባንያ ስማርትሞደም የሚባለውን ሲያወጣ ዕቃው ትእዛዝ መስማት ጀመረ። ትእዛዙ ሁሉ ማለት ይቻላል «ኤቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምራል፤ «አቴንሽን» ከሚለው ቃል የተወሰዱ ናቸው፤ እንደ ወታደር ቤቱ «ተጠንቀቅ!» ብንለው ያስኬዳል። ቀጥሎ «ዲ» ሲመጣ ደውል ማለት ነው። «ቲ» ሲጨመርበት በቃና፣ «ፒ» ሲጨመርበት ደግሞ እንደ ድሮው ባለ ቀዳዳ መደወያ መስመሩን እየቆረጠና እየቀጠለ ይደውላል፤ ለአንድ አንዴ፣ ለሁለት ሁለቴ፣ ለዜሮ አሥር ጊዜ። አሮጌ የስልክ ማዕከል ባለበት አገር «ፒ»ን የማያውቅ መንገደኛ ሲደውል ያድራል።

ከሁሉ የምትገርመኝ ግን ነጠላ ሰረዟ ናት። በስልክ ቁጥር መሐል ስትገባ ሞደሙ ሁለት ሰከንድ ያህል ይታገሳል። ሆቴል ውስጥ ወደ ውጭ ለመደወል አሜሪካ ከሆነ ብዙ ጊዜ 9፣ አውሮፓ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዜሮ ይነካል፤ ከዚያ የሆቴሉ ማዞሪያ የውጭ መስመር እስኪያቀብል ትንሽ ይጠበቃል። ሰው ይህን ሳያስበው ያደርገዋል። ሞደም አያደርገውም፤ ካልተነገረው ቁጥሮቹን አከታትሎ ያወርዳቸውና የመጀመሪያዎቹን ማዞሪያው ይውጣቸዋል፤ ዕድል ከከፋ የሦስተኛ ፎቅ እንግዳ በእኩለ ሌሊት ስልኩ ይጮህና ሲያነሳ ፉጨት ይሰማል። ስለዚህ ዜሮ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ ቁጥሩ። ማዞሪያው ዘገምተኛ ከሆነ ሁለት ነጠላ ሰረዝ። ትዕግሥት በሥርዓተ ነጥብ ሲጻፍ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

መስመሩ ሲነሳ የሚመጣውን ድምፅ ያ ዘመን የደረሰበት ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ብዙዎች የተበላሸ ነገር ይመስላቸው ነበር፤ ግን እያንዳንዷ ጩኸት ሥራ አላት። መጀመሪያ እምምታው ይሰማል። ከዚያ ቁጥሮቹ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ቃና ነው፣ ለምሳሌ 9 ሲነካ 852 እና 1,477 ኸርዝ አብረው ይጮሃሉ። ወዲያ ማዶ አንድ ሁለቴ ይጠራና ይነሳል። ያነሳው ሞደም በ2,100 ኸርዝ ረዥም፣ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ይህ ፉጨት የሚነገረው ለጓደኛው ሞደም ብቻ ሳይሆን ለስልክ ድርጅቱም ጭምር ነው። በረዥም ርቀት መስመር ላይ ተናጋሪው የራሱ ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ እንዳይመለስበት የሚያፍኑ መሣሪያዎች አሉ፤ ለሰው ደግ ናቸው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ለሚያወሩ ሞደሞች ግን ጠላት። ፉጨቱ በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ እየተገለበጠ ሲሄድ መሣሪያዎቹ ራሳቸውን ያጠፋሉ። አስመሳዩ ቤት ከገባ በኋላ ማንነቱን የሚገልጠው እዚህች ላይ ብቻ ነው።

ቀጥሎ አጫጭር ፍርፍርታዎች ይሰማሉ፤ ሁለቱ ሞደሞች የትኛውን የአነጋገር ደረጃ እንደሚያውቁ ይጠያየቃሉ። ከዚያ የተለያዩ ቃናዎች ባንድ ጊዜ ይለቀቁና መስመሩ የቱን እንደሚያደክም፣ የቱን እንደሚያሳልፍ ይመዘናል። በመጨረሻ ሽሽሽ የሚል፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሚመስል ድምፅ ይመጣል፤ አንዱ ሌላውን የሚያሠለጥንበት ነው። ከዚያ ዝምታ። ንግግሩ ቀጥሏል፤ የተዘጋችው ድምፅ ማጉያዋ ብቻ ናት። ይህ ሁሉ ሃያ፣ ሠላሳ ሰከንድ ይፈጃል። ሰው የተኛበት ቤት ከሆነ «ኤም 0» ብሎ ማፈን ይቻላል፤ እኔ ግን አላደርገውም ነበር፤ ሲበላሽ የት ላይ እንደተበላሸ በጆሮ ይታወቃልና።

ፍጥነቱን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 56 ሺህ ቢት በሰከንድ ነበር። ሆቴል ውስጥ ግን አይገኝም፤ የዚህም ምክንያት ማጭበርበር አይደለም። ዘመናዊ የስልክ ማዕከል ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ እያንዳንዱ ልኬት 8 ቢት ነው። ከስምንቱ ሰባቱን ለሥራ ማዋል ከተቻለ ሰባት ጊዜ 8,000፣ 56 ሺህ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ግን ከኢንተርኔት አቅራቢው እስከ ላፕቶፑ ድረስ ቁጥሩ ወደ ድምፅ የሚለወጠው አንዴ ብቻ ከሆነ ነው፤ የሆቴሉ ማዞሪያ መሐል ገብቶ እንደገና ከለወጠው ነገሩ ያበቃል። ሞደሙም ወደ ድሮው ልክ ይወርዳል፤ ያም ቢበዛ 33,600 ሲሆን እኔ ብዙ ጊዜ የማገኘው 28,800 ወይም 26,400 ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ባለ 3 ሜጋባይት ፎቶ በ28,800 ብትጓዝ 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል።

የመንገደኛው ሌላው መከራ ሶኬቱ ነበር። የእንግሊዙ፣ የፈረንሳዩ፣ የጀርመኑ፣ ሁሉም የየራሱ ቅርፅ አለው፤ የጣሊያኑ አሮጌ ሶኬት ሦስት ወፋፍራም እግሮች ያሉት፣ ለስልክ ሳይሆን ለምድጃ የተሠራ የሚመስል ነው። ማስተላለፊያ ያላገኘ መንገደኛ ብሎን መፍቻና ጥርስ ያላቸው ሁለት መቆንጠጫዎች ይዞ የግድግዳውን ክዳን ይከፍትና በቀጥታ ሽቦዎቹን ይነክሳቸዋል። መስመሩ ላይ ያለው 48 ቮልት ገደማ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም። ጣት ሽቦው ላይ እያለ ስልክ ከተደወለ ግን የመጥሪያው ኃይል ወደ 90 ቮልት ይደርሳል፤ እኔ አንዴ ቀምሼው ብሎን መፍቻው አልጋ ሥር ገብቷል። ከዚህ የባሰው ግን ዲጂታል ማዞሪያ ያለው ሆቴል ነው። ሶኬቱ ልክክ ብሎ ይገባል፣ በውስጡ የሚሄደው ግን ለሆቴሉ ስልኮች ብቻ የተሠራ ስለሆነ ሞደሙን ሊያቃጥለው ይችላል። ልምድ ያለው መንገደኛ ክፍል ከመያዙ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ፋክስ የምትሰኩት የት ነው?» ፋክስ የሚሠራበት መስመር ለሞደምም ይሆናል።

አገር ቤት ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊትም ሞደም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው ክፍል ኢሜይል እየሰበሰበ በስልክ ጥሪ ወደ ውጭ ይልክና የመጣውን ይቀበል ነበር፤ ደብዳቤ በፖስታ ከረጢት እንደሚጠራቀመው ዓይነት ማለት ነው። በ1989 ዓ.ም. አጋማሽ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። በ«ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ» የሚያልቅ አድራሻ በቢዝነስ ካርድ ላይ ማሳተም ያኔ ትልቅ ነገር ነበር። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ሲከፈት ስልኩ ይያዛልና «ማንም ስልክ እንዳያነሳ!» የሚለው ትእዛዝ ሳሎን ውስጥ ይታወጃል። አንዱ ረስቶ ካነሳ ያንን ሽሽሽታ በጆሮው ይቀበላል፤ በላፕቶፑ በኩል ያለው ደግሞ ሊያልቅ የደረሰ ደብዳቤው ይቋረጥበታል። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣ ነበር። በንግግር መሐል ሌላ ጥሪ መምጣቱን የምታሳውቀው ጢጥታ ሞደሙን ታስደነግጠዋለች፤ ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ኮከብ 70 ይነካል፣ ነጠላ ሰረዝ ይከተላል።

ከዚህ ሁሉ የወጣ አንድ ልማድ ነበር፤ ዛሬም ይናፍቀኛል። ሒሳቡ በደቂቃ ስለሆነ መስመር ላይ ተቀምጦ ማንበብ የለም። ይደወላል፣ ደብዳቤው ይወርዳል፣ ይዘጋል። ከዚያ ተረጋግቶ ይነበባል፣ ለእያንዳንዱ መልስ ይጻፋል፤ ማታ እንደገና ተደውሎ ሁሉም በአንድ ላይ ይላካል። ሮም በሦስተኛው ሌሊት ኤክስ 3 ሠርታልኝ የወረዱት አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ነበሩ። ተረኛው ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ጩኸቱን እስከ መጨረሻው ሰምተው «አሁን ገና ተግባቡ» ብለውኝ ወረዱ።

ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስልክ የሚደወልበትን ኢንተርኔቱን እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 ዘጋ። ዜናውን ስሰማ ያንን ላፕቶፕ ከቁም ሣጥን አወጣሁት። ባትሪው ሞቷል፣ በገመድ ግን ይነሳል። አንድ ጓደኛዬ በቤቱ ያለውን አሮጌ ሞደም «ኤስ 0 እኩል ይሆናል 1» ብሎ በመጀመሪያው ጥሪ እንዲያነሳ አዘጋጀልኝና ከቤቴ ስልክ ደወልኩ። የቤቴ ስልክ አሁን የሚመጣው በኢንተርኔቱ ሣጥን በኩል ነው። እምምታው፣ ቁጥሮቹ፣ ፉጨቱ፣ ፍርፍርታው ሁሉም በየተራቸው መጡ። ሽሽሽታው ላይ ሲደርስ ተሰናከለ፤ ሦስቴ ሞከርን፣ ሦስቴም እዚያው ላይ ወደቀ። የዛሬው መስመር ድምፅን በፓኬት እየቆራረጠ ያስተላልፋል፣ አንዳንዴም ጆሮ የማይፈልገውን እየጣለ ይጨምቀዋል፤ አንዲት ፓኬት ብትጠፋ ሰው አያስተውልም፣ ሞደም ግን ያስተውላል። በአራተኛው ፍጥነቱን ወደ 9,600 አወረድኩትና ያዘ። አራት ደቂቃ ያህል ፊደል ተላላክን፤ ከዚያ ተቋረጠ።

እጀታውን አንስቼ በዚያው መስመር ለጓደኛዬ ደወልኩለት። አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል።