እጀታው ለእጅ ወይስ እጅ ለእጀታው?
የሪቮልቨር ሽጉጥ እጀታና የእጅ መጠን ሳይንስ

ገበሬ እርፉን፣ እንጨት ፈላጭም የመጥረቢያውን ዛቢያ የሚያበጀው በገዛ እጁ ልክ ነው። የወፈረውን ይጠርባል፣ የሻከረውን ያለሰልሳል፣ ጨብጦ ይሞክራል፤ ካልተስማማውም መልሶ ይጠርበዋል። ፋብሪካ ግን የገዢውን እጅ አያውቅም፤ አንድ ዓይነት እጀታ አምርቶ ለሺህ ዓይነት እጅ ያቀርባል። ይህ አለመጣጣም ምን እንደሚያስከትል፣ ጉዳዩ ጎልቶ በሚታይበት በአንድ መሣሪያ፣ ማለትም በሪቮልቨር ሽጉጥ አማካይነት በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ዓላማችን አንባቢን ማስታጠቅ ሳይሆን ፊዚክስና የሰውነት ጥናት በአንድ እጀታ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ማሳየት ነው።

ሪቮልቨርን ለምን መረጥን?

አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በአገሩ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1836 ነበር። በሪቮልቨር ጥይቶቹ የሚቀመጡት ከእጅ ፊት ለፊት ባለ ተሽከርካሪ ሲሊንደር ውስጥ ነው። ካዝናው በእጀታው ውስጥ በሚገባ ሽጉጥ የእጀታውን ውፍረት የሚወስነው የጥይቱ ርዝመትና ስፋት ነው። የሪቮልቨር እጀታ ግን ከቀጭን የብረት አካልና ከሞላ በቀር የሚሸከመው ነገር የለም። በዚህም ምክንያት በብሎን የተያያዘውን የእንጨት ወይም የጎማ ሽፋን ፈትቶ ከእጅ ጋር በሚስማማ ሌላ ሽፋን መተካት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የኮልት ሪቮልቨር እጀታ ቅርጹ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ከማረሻ እርፍ ጋር ይመሳሰላል ተብሎ በዚሁ ስም ይጠራል። ሽጉጡ ሲተኮስ እጀታው በመዳፍ ውስጥ ይንሸራተትና አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሣል። በዚያ ዘመን ተኳሹ ከእያንዳንዱ ጥይት በፊት መምቻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይስብ ስለነበር መንሸራተቱ መምቻውን ወደ ጣቱ ያቀርብለት ነበር። ቃታው ራሱ ሲሊንደሩን የሚያዞርና መምቻውን የሚስብ ሪቮልቨር ሲስፋፋ ግን ፍላጎቱ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው እጅ ከያዘበት ስፍራ እንዳይንቀሳቀስ ነው።

እጅ እንዴት ይጨብጣል?

እንግሊዛዊው የአናቶሚ ሊቅ ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ የእጅን አያያዝ በሁለት ከፍሎታል። አንደኛው መዶሻ ስንይዝ የምንጠቀምበት የጉልበት አያያዝ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዕር ስንይዝ የምንጠቀምበት የጥንቃቄ አያያዝ ነው። ሪቮልቨር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ሦስት ጣቶች አጥብቀው ይጨብጣሉ፤ አመልካች ጣት ደግሞ ለብቻው ቃታውን በዝግታ ይስባል።

ጣቶቻችን ግን ፈጽሞ ነጻ አይደሉም። መዳፍዎን ዘርግተው ትንሿን ጣት ብቻ ለማጠፍ ይሞክሩ፤ የቀለበት ጣት ሳይጠራ ይከተላታል። በማይመች እጀታ ላይ ሦስቱ ጣቶች ያለማቋረጥ አያያዛቸውን ለማስተካከል ሲታገሉ አመልካች ጣትም አብሯቸው ይታወካል።

ሌላው ጉዳይ የጡንቻ ርዝመት ነው። ጡንቻ የሚኮማተረው አክቲንና ማዮሲን የተባሉ የፕሮቲን ክሮች እርስ በርሳቸው ሲሳሳቡ ነው። ከመጠን በላይ ሲለጠጥ የክሮቹ መደራረብ ይቀንሳል፤ ከመጠን በላይ ሲያጥር ደግሞ ክሮቹ ይጣበባሉ። በሁለቱም ሁኔታ ጉልበቱ ይወርዳል። በጣም ወፍራም እጀታ ጣቶችን ከፍቶ ያስቀራል፤ በጣም ቀጭን እጀታም ጣቶች ከመዳፍ ጋር እስኪጋጩ ያጥፋቸዋል። ኮንግና ሎው የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ጥናት ለድቡልቡል እጀታ ሲጨበጥ ከፍተኛውን ምቾት የሚሰጠው ዲያሜትር ከእጅ ርዝመት 19.7 በመቶ መሆኑን አስልተዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት በተደረገው የአካል ልኬት የወንዶች አማካይ የእጅ ርዝመት 19.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሴቶች ደግሞ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በስሌቱ መሠረት ለመጀመሪያው 3.8፣ ለሁለተኛው 3.5 ሴንቲ ሜትር ይስማማል ማለት ነው። የሪቮልቨር እጀታ ድቡልቡል ስላልሆነ ቁጥሩ እንዳለ ባይሠራበትም መርሑ ግን ያው ነው።

ከሽጉጡ ክብደት የሚበልጥ ቃታ

ቃታው ሁሉንም ሥራ በሚሠራበት ሪቮልቨር ቃታውን ለመሳብ 50 ኒውተን ገደማ ጉልበት ያስፈልጋል። 0.9 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሽጉጥ ክብደቱ ግን 9 ኒውተን ያህል ብቻ ነው። ጣት የሚያሳርፈው ጉልበት ከመሣሪያው ክብደት ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ወፍራም እጀታ ሲይዝ ጣቱ ቃታውን በቀጥታ ወደ ኋላ ከመሳብ ይልቅ በማዕዘን ይስበዋል። ማዕዘኑ 10 ዲግሪ ቢሆን ወደ ጎን የሚያርፈው ጉልበት 50 ሲባዛ በሳይን 10 ዲግሪ፣ ማለትም 8.7 ኒውተን ይሆናል፤ ይህ ከሽጉጡ ሙሉ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው። የቀሩት ጣቶችና መዳፉ ካልመከቱት አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄዳል። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ በ10 ሜትር ላይ ጥይቱን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ከዒላማው ያርቀዋል።

የኋሊት ግፊቱ ወዴት ይሄዳል?

የኒውተን ሦስተኛ ሕግ እዚህም ይሠራል። 10 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 230 ሜትር ሲወጣ ሞመንተሙ 2.3 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው። የባሩዱን ጋዝ ለጊዜው ብንተወው፣ 0.9 ኪሎ ግራም የሆነው ሽጉጥ ወደ ኋላ በሰከንድ 2.6 ሜትር ይገፋል፤ ኢነርጂውም 3 ጁል ያህል ነው። ክብደቱ በግማሽ የቀነሰ ሽጉጥ ግን ይህንኑ ጥይት ሲተኩስ ወደ 6 ጁል የሚጠጋ ኢነርጂ ለእጅ ያስተላልፋል። ለመሸከም የቀለለው ለመተኮስ ይከብዳል።

ግፊት ጉልበት ለስፋት ሲካፈል እንደ መሆኑ፣ ጀርባው ሰፋ ያለ እጀታ ምቱን በመዳፍ ላይ ያሰራጫል፤ ጀርባው ጠባብ የሆነ ግን በአንድ መስመር ላይ ያከማቸዋል። ከዚህም ሌላ ጥይቱ የሚወጣበት መስመር ከእጅ በላይ ስለሆነ ግፊቱ አፈሙዙን ወደ ላይ ያሽከረክረዋል። እጅ ከፍ ብሎ በያዘ መጠን መሽከርከሩ ይቀንሳል። እጀታው ለትንሿ ጣት ቦታ ካለው ደግሞ መሽከርከሩን የምትመክት ተጨማሪ ጣት ተገኘች ማለት ነው።

ምርጫው እንዴት ይከናወናል?

ፈተናው ቀላል ነው። መሣሪያው ባዶ መሆኑ በሚገባ ተረጋግጦ አፈሙዙ አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ ይዞራል። ከዚያም አፈሙዙ ከክንድ ጋር በአንድ መስመር እንዲውል ይጨበጣል። በዚህ አያያዝ የአመልካች ጣት ጫፍ ወይም የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ቃታው ላይ ካረፈ፣ ጣቱም የሽጉጡን ጎን ካልታከከ እጀታው ተስማምቷል። ጣቱን ለማድረስ መሣሪያውን በመዳፍ ውስጥ ማዞር ካስፈለገ እጀታው በዝቷል፤ ምቱም በአውራ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል።

ለትንሽ እጅ የሚመረጠው ጎንና ጎኑ የሳሳ፣ የኋላ ብረቱንም ሳይሸፍን የሚተው እጀታ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር መቀነሱ ብቻ የጣቱን ማዕዘን ያቃናል። ለትልቅ እጅ ደግሞ የኋላ ብረቱን የሚሸፍን፣ ከቃታው መከለያ በስተኋላ ያለውን ክፍተት የሚሞላና ረዘም ያለ እጀታ ይስማማል። ክፍተቱ ባዶ ከተተወ መከለያው በየተኩሱ የመሐል ጣትን ይመታል። የጣት ቦይ የተቀረጸለት እጀታ ማራኪ ቢመስልም የሚጠቅመው ቦዮቹ ከባለቤቱ ጣቶች ጋር ለገጠሙለት ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው ጉብታዎቹ ጣት ሥር ገብተው ያስቸግራሉ። ለስላሳ ጎማ ምትን ያበርዳል፤ ነገር ግን ልብስን ይይዛል። የተወለወለ እንጨት ደግሞ በላብ ጊዜ ይንሸራተታል። ሁሉንም የሚያሟላ እጀታ የለም።

ጉዳዩ ከምቾት በላይ ነው

በአሜሪካ የኢንዲያናፖሊስ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት ሴቶችን በመኪና የቅኝት ሥራ ላይ አሰማራ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በሥራ ላይ የጾታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የክልልና የከተማ መሥሪያ ቤቶችንም እንዲያካትት ተደረገ። በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ ፖሊስ ዋነኛ የጎን ትጥቅ ሪቮልቨር ነበር። እጀታው የማይደርስለት ሰው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ዒላማ ሲስት ጥፋቱን የችሎታ ማነስ አድርጎ መቁጠር ቀላል ነው። ስሌታችን የሚያሳየው ግን ከስልጠናው በፊት መጠየቅ ያለበት እጀታው መሆኑን ነው። ዒላማውን የሳተ ጥይት ደግሞ ሌላ ሰው ዘንድ ሊያርፍ ይችላል።

ይኸው ፍርድ በቤተ ሙከራ መቀስ፣ በወርክሾፕ ጉጠትና በግንባታ ላይ መዶሻም ይደጋገማል። ተማሪው «እጀ ደካማ» ይባላል፤ የጉጠቱን ስፋት ግን የሚለካ የለም። ለአማካይ እጅ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ከአማካይ በላይም ሆነ በታች ያሉትን ሁሉ ያስቸግራል።

ውድ አንባቢያን፣ ማስመሪያ አንሡና ከእጅ አንጓችሁ መስመር እስከ መሐል ጣታችሁ ጫፍ ያለውን ርዝመት ለኩ። ውጤቱን በ0.197 አባዙት። ከዚያም በየዕለቱ የምትጨብጡትን የመሣሪያ እጀታ ውፍረት ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ከሰፋ ገበሬው በእርፉ እንደሚያደርገው መጥረብ፣ መጠቅለል ወይም መለወጥ ይገባል፤ እጅ አይጠረብምና።