ሲስተሯ ዲግሪ ያስፈልጋታል?

ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን የሚባለውን ገበያ የማያውቅ የከተማ ነዋሪ አይገኝም። ጨርቁ፣ ጫማው፣ ስልኩና የቤት ዕቃው በየደጃፉ ተደርድሮ ይሸጥበታል። ከሻጮቹም መካከል እናቶች አሉ። ከእነዚህ እናቶች የአንዷ ልጅ ሌሊቱን ሲያተኩሰው ያደረ እንደሆነ፣ ጠዋት ዕቃዋን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ብላ ሕፃኑን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታገኘው ሐኪም ሳይሆን ነርስ ነው። «ሲስተር፣ ልጄን እይልኝ» ትላለች። ድሬዳዋ አንቱታ የማይበዛባት ከተማ ስለሆነች «ይዩልኝ» የሚል አይጠበቅም። ሲስተሯ የት እንደተማረች፣ ዲፕሎማ ይኑራት ዲግሪ፣ እናቲቱ አትጠይቅም። ለመጠየቅም ጊዜ የላት።

ጥያቄው ግን በሙያው ሰዎች ዘንድ ከተነሣ ቆይቷል። አንዲት ነርስ ሕመምተኛ ለመንከባከብ፣ መርፌ ለመውጋትና መድኃኒት ለመስጠት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሊኖራት ይገባል? ወይስ በጤና ኮሌጅ ያገኘችው ዲፕሎማ ይበቃታል? የዲፕሎማዋ ነርስ፣ በዛሬው አጠራር «ደረጃ አራት» የምትባለው፣ ሦስት ዓመት ያህል ተምራ «ሲኦሲ» የሚባለውን የብቃት ምዘና ትፈተናለች። የዲግሪዋ ደግሞ አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ቆይታ ትመረቃለች። በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጋዋን ለብሰው፣ በአንድ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠሩ ይታያሉ። ደመወዛቸው ግን አንድ አይደለም።

ታሪኩን ወደ ኋላ ብንመለከት፣ በአገራችን ነርስነት የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሙያውን የተማሩት፣ እንደ ጊዜው ልማድ፣ በዚያው በሆስፒታሉ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሆነው ነው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በለቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ሲሞቱ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ከጤና መኮንኖች ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደየጤና ጣቢያው ላከ። እነዚያ ነርሶች የነርስነት ዲግሪ አልነበራቸውም። ሆኖም ሐኪም ባልነበረበት አገር እናቶቻችንን አዋልደዋል፣ ክትባትም ሰጥተዋል። እንግዲህ «ዲግሪ የሌላት ነርስ ነርስ አይደለችም» ለማለት የሚደፍር ሰው በመጀመሪያ እነርሱን ማስታወስ ይገባዋል።

ይሁንና ያለፈውን ማመስገን ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ሰፊ ጥናት ወጥቶ ነበር። በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከ420 ሺህ በላይ ሰዎች የተመዘገበ ታሪክ ተመርምሯል። በአንድ ሆስፒታል ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 ከመቶ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ሕመምተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 ከመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። እኔ ራሴ በዲፕሎማ የተመረቅሁ ጋዜጠኛ ስለሆንሁ ይህን ቁጥር ሳነብ ደስ አላለኝም። ነገር ግን ያልወደድነውን ቁጥር ዘለን ማለፍ አይገባም። ትምህርት ሕይወት ያድናል ማለት ነው።

ጥናቱ ግን በዚህ አላበቃም፤ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ሁለተኛ ግኝት አለው። አንዲት ነርስ ከምትንከባከባቸው ሰዎች ላይ አንድ ተጨማሪ ሕመምተኛ በተጨመረባት ቁጥር፣ የሕመምተኞቹ የመሞት ዕድል በ7 ከመቶ ከፍ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመልከት። ነገ በአዋጅ «ዲግሪ የሌላት ከሥራ ትውጣ» ቢባል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚቀሩት ጥቂት ነርሶች የሚደርሰው የሕመምተኛ ብዛት ስንት ይሆን? በአንድ እጅ የሰጠነውን በሌላው እጅ መልሰን እንወስደዋለን። ነርስ በተትረፈረፈበት አገር ይህ ስሌት ላያስጨንቅ ይችላል። እኛን ግን ሊያስጨንቀን ይገባል።

በዚህ ረገድ አገሮች አንድ ዓይነት መንገድ አልተከተሉም። ፊሊፒንስ በሕግ ዲግሪ ትጠይቃለች። እንግሊዝም ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ነርሶችን የምታሠለጥነው በዲግሪ ነው። በጀርመን ደግሞ እስከ ዛሬ አብዛኞቹ ነርሶች ሦስት ዓመት በሙያ ትምህርት ቤትና በሆስፒታል ተምረው ነው የሚወጡት። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የኒው ዮርክ ግዛት በ2017 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ያወጣችው ሕግ ይመስለኛል። አዲስ ነርስ ዲግሪ ሳይኖራት ሥራ መጀመር ትችላለች፤ ነገር ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ዲግሪዋን መያዝ አለባት። ሕጉ ሲወጣ ቀድሞውኑ በሥራ ላይ የነበሩት አይነኩም። በሩ አልተዘጋም፣ መሰላሉም ተተክሏል።

ለመሆኑ የትምህርት ጥቅም በጤና ጣቢያ ውስጥ በምን ይገለጣል? ድሬዳዋ ለዚህ ከማንኛውም ከተማ የተሻለች ምሳሌ ናት። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ከተማይቱን አጠቃት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ መጥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያውን እያመመው አልጋ ላይ ዋለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ባልተለመደ ሁኔታ፣ በደረቁ ወቅት፣ ወባ ተነሣ። ምክንያቱ ከእስያ የመጣች አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለች ትንኝ ስትሆን፣ ረግረግ ሳትፈልግ በከተማ መካከል በበርሜልና በሮቶ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ትራባለች። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈዋ ሌላ ዓይነት ትንኝም እንዲሁ የቤት ውኃ ትወዳለች። ውኃ በየጊዜው በሚቋረጥበት ቤት ደግሞ በርሜል የሌላት እናት የለችም። (እግረ መንገዳችንን፣ በርሜሉን በደንብ መክደንና በየሳምንቱ ውስጡን ፈትጎ ማጠብ አይዘንጋ።)

እንግዲህ ከታይዋን የመጣው ያ የሚያተኩሰው ሕፃን ከሦስቱ የትኛው እንደያዘው በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም። የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ነርሷ ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። ደንጊ ከተጠረጠረ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም የዳይክሎፌናክ መርፌ አይሰጥም፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። የሚሰጠው ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ነው። ሌላም አለ። በደንጊ አስጊው ጊዜ ትኩሳቱ ገና የተነሣ ዕለት አይደለም፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ትኩሳቱ በረድ የሚልበት ጊዜ ነው። እናቲቱ «ተመስገን፣ በርዶለታል» ብላ ወደ ገበያዋ ስትመለስ፣ ሕፃኑ ሆዱን እያመመው፣ ደጋግሞ እያስታወከው፣ ድዱ እየደማ፣ እየፈዘዘ ሊሄድ ይችላል። ይህን የምታውቅ ነርስ «ትኩሳቱ ሲለቀው መልሰሽ አምጪልኝ» ትላታለች። የማታውቀዋም በቅንነት «እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ ትሸኛታለች።

ታዲያ ይህን ዕውቀት የሚሰጠው ዲግሪው ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። በ1995 ዓ.ም. የተመረቀች ነርስ፣ ዲግሪም ይሁን ዲፕሎማ የያዘች፣ ድሬዳዋ ውስጥ ደንጊን እንድትጠብቅ ማንም አላስተማራትም። በሽታው በዚያን ጊዜ በከተማይቱ አልታወቀም ነበርና። ያወቀች እንደሆነ ያወቀችው ከተመረቀች በኋላ በተሰጠ ሥልጠና ነው። በሌላ በኩል፣ ብዙ ያነበበችና «ለምን?» ብላ የመጠየቅ ልማድ ያላት አዲሱን ነገር ቶሎ ትይዛለች። ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ በላይ ሊሰጥ የሚገባው ይህንን ነው። ይሰጣል ወይ? በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት መስኮች የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተፈተኑት ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ዲግሪ የሚል ወረቀትና የዲግሪ ዕውቀት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ድሬዳዋ አንድ ሌላ ነገርም ታስተምረናለች። በዚህች ከተማ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም፣ አማርኛም ይነገራል። ተወልዳ ያደገችባት ነርስ ከአንዷ እናት በኦሮምኛ፣ ከሌላዋ በሶማሊኛ ትነጋገራለች፤ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ልጁ ስንት ጊዜ እንዳስታወከው፣ ቤት ውስጥ ምን እንደተሰጠው በእናቲቱ ቋንቋ ትጠይቃለች። ይህን ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም። ከሩቅ አገር ዲግሪዋን ይዛ የመጣች ጎበዝ ነርስ ቋንቋውን እስክትለምድ ድረስ የአካባቢዋ ባለ ዲፕሎማ እኅቷ ታስተረጉምላታለች። የነርስነትን ልክ ስንለካ ይህም ሊቆጠር ይገባዋል።

በዚህ አስተያየት፣ ዲግሪ የሙያው ግብ ይሁን የሚሉትን እደግፋለሁ። በተለይ በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በቀዶ ሕክምናና በሕፃናት ክፍል ለሚሠሩት። አጥር ይሁን የሚሉትን ግን አልደግፍም። ምሳሌ ሲያስፈልግ ከሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ልንማር እንችላለን፤ ልጃገረዶችን ከገጠር መርጦ፣ አሠልጥኖ፣ ወደመጡበት አካባቢ ይመልሳል። ከፍተኛ ትምህርትና የአገር ልጅነት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ያሳያል።

አሁን ዲፕሎማ ይዛ በሥራ ላይ ያለችውንስ? ብዙውን ጊዜ ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ባለ ትዳር፣ የሁለትና የሦስት ልጆች እናት ናት። በሳምንት አንድ ሁለት ሌሊት ተረኛ ትሆናለች። ዲግሪውን ለመማር ስትነሣ የሚጠብቃት የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ነው፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ከራሷ ደመወዝ ይወጣል። ዓርብ ሌሊት ተረኛ አድራ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ከመምህሩ ንግግር ምን ያህሉ ጆሮዋ ይገባል? ፈተና ሲደርስ ተረኛነቷን የሚሸፍንላት ባልደረባ መለመን አለባት። ቤት ውስጥ «ይህን ያህል ዓመት ሠርተሽ አሁን ምን ያደርግልሻል?» የሚል ባል ካለም ሌላ ፈተና ነው። ጤና ቢሮዎችና ሆስፒታሎች ዲግሪ የሚፈልጉ ከሆነ የትምህርት ጊዜውን በሥራ ሰዓት ውስጥ ሊፈቅዱላት፣ ክፍያውንም ሊጋሩ ይገባል።

ስለ ሕፃናቱም ማንሣት ግድ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ማቆያው ግን በመሥሪያ ቤት ሰዓት ብቻ ተከፍቶ በመሥሪያ ቤት ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ፣ ከሌሊት ተረኛዋም ሆነ ከቅዳሜ ተማሪዋ ነርስ ጋር አይገናኝም። እርሷ ሌሊት የሌላውን ልጅ ስታስታምም የራሷ ልጆች ከአያታቸው ጋር ያድራሉ፤ አያት ከሌለች ደግሞ ታላቋ ልጅ ትንሿን እየጠበቀች።