“አንገቴን ያዘኝ” ሲሉ አንገትዎን አያስጠምዝዙ

ጀሪካን ወይም ማገዶ ተሸክመን ስንውል ወይም ሳይመቸን ተኝተን ስንነሳ አንገታችን አልዞር ይላል። ያን ጊዜ አንዳንዶቻችን ወገሻ ዘንድ እንሄዳለን። ፀጉሩን ተስተካክሎ ሲያበቃ አንገቱን “ቋ” የሚያስደርግም አለ። ይህ ለምን አደጋ እንዳለው ለመረዳት የአንገትን አሠራር እንመልከት።

የአንገት አጥንቶች 7 ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ቀለበት ሆኖ ጭንቅላትን ይሸከማል። ሁለተኛው ወደ ላይ የቆመ እንደ ችካል ያለ ጫፍ አለው፤ ቀለበቱ የሚዞረው በዚህ ጫፍ ዙሪያ ነው። ወደ ግራና ቀኝ ስንዞር ግማሽ ያህሉ እንቅስቃሴ የሚሆነው በእነዚህ ሁለት አጥንቶች መካከል ነው። በአጥንቶቹ መሃል ህብለ ሰረሰር ያልፋል። በግራና በቀኝ ጎናቸው ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ደግሞ ለአንጎል የኋላ ክፍል ደም የሚያደርሱ ሁለት የደም ቧንቧዎች ያልፋሉ።

አንገት በድንገትና በኃይል ሲጠመዘዝ የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። በስንጥቁ ላይ ደም ይረጋና ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ሊዘጋ ይችላል። ይህም ስትሮክ ነው። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ወጣቱንም ሽባ ሊያደርግ ወይም ሊገድል ይችላል። አጥንቱ በቲቢ የተጎዳ ሰው ከሆነ ደግሞ ህብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል። “ቋ” የሚለው ድምፅ የወለቀ አጥንት ተመለሰ ማለት አይደለም፤ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለ የአየር ድምፅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

• አንገትዎን በራስዎ አቅም ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱ።
• ሞቅ ያለ ጨርቅ ያድርጉበት፤ ከባድ ሸክም ለጥቂት ቀናት ይተዉ።
• ጡንቻውን በቀስታ ማሸት ይቻላል። ወገሻዎቻችንም እጃቸውን በዚህ ይወስኑ፤ አንገት አይጠምዝዙ፣ አይጎትቱ።

አብዛኛው የአንገት ሕመም በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ይሻላል።

የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ግን ሳይዘገዩ ወደ ክሊኒክ ይምጡ፦

• ትኩሳት ያለበት የአንገት መገተር (ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል)
• ድንገተኛ ከባድ የራስ ወይም የአንገት ሕመም
• ማዞር፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ለመዋጥ መቸገር
• የእጅ ወይም የእግር መስነፍ ወይም መደንዘዝ
• ለሳምንታት የቆየ ሕመም ከክብደት መቀነስ ወይም ከሌሊት ላብ ጋር

ወድቆ ወይም ተመትቶ አንገቱን የታመመ ሰው ካገኛችሁ አታስነሱት። ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ሳታንቀሳቅሱ ያዙና ሰው ልካችሁ የጤና ሠራተኛ ጥሩ።

በጎ ፈቃደኞች፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ ይህን ለወገሻዎችና ለፀጉር አስተካካዮችም ንገሩ።