ስማችሁን በስንት ስፔሊንግ ትጽፋላችሁ?

ዛሬ ሰው የሚጠፋ አይመስልም። ስሙን ፌስቡክ ላይ ትፈልጋላችሁ፤ ካልመጣ ቲክቶክ ላይ ትሞክራላችሁ። ቁጥሩ ስልካችሁ ላይ ካለማ ቴሌግራም ራሱ «እገሌ ተቀላቅሏል» ብሎ ያበስራችኋል። በታላላቆቻችሁ ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ማትሪክ ተፈተኑ፤ አንዱ ጎንደር፣ አንዷ ጅማ ተመደቡ፤ ሌላው ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባ። የቤት ስልክ ያልነበረው ወይም ሰፈር የቀየረ በቃ ጠፋ። ያኔ የጠፋ ጓደኛን ለመፈለግ ከነበሩት ጥቂት መንገዶች አንዱ የኢሜይል አገልግሎቶች የአባላት ማውጫ ነበር።

ማውጫው እንደ ስልክ ማውጫ ነው፤ ልዩነቱ ስልክ ሳይሆን ኢሜይል የምታገኙበት መሆኑ ነው። ሆትሜይል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 ሥራ ሲጀምር ኢሜይል በነፃ፣ ከየትኛውም ኮምፒውተር ማየት ትልቅ ነገር ነበር። በዓመቱ ያሁ ሜይል መጣ። የሚገርመው ያሁ ሜይል ራሱ ከማውጫ ቤት ነው የወጣው። ፎር ኢለቨን የሚባል ኩባንያ ነበር፤ ስሙን ያገኘው አሜሪካኖች የሰው ስልክ ለመጠየቅ ከሚደውሉበት 411 ቁጥር ነው። ሥራው የሰዎችን ኢሜይል ማፈላለግ ነበር፤ በኋላ ሮኬትሜይል የሚል ነፃ ኢሜይል ጨመረ። ያሁ በ1997 ኩባንያውን ገዛና ሮኬትሜይልን ያሁ ሜይል አደረገው። እንግዲህ ሰው መፈለጉ ቀድሞ፣ ደብዳቤው ተከትሎ መጣ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባውም በዚያው 1997 ነው። ለብዙው ሰው የመጀመሪያው ኢሜይል የተከፈተው ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ፣ በደቂቃ እየተከፈለ ነው። ማውጫ ላይ ጓደኛ የሚፈልግ ሰው ሁለት ሳጥን ይጠብቀዋል፦ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም»። የእኛ ሰው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሁለተኛው ስማችን የአባታችን ነው። ውጭ የሄደው ጓደኛችሁ ወረቀቱ ላይ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ሴት ከሆነች በባሏ ስም ትጠራ ይሆናል። ኃይለ ማርያም የሚባለውማ «ኃይለ» የራሱ ስም፣ «ማርያም» የቤተሰቡ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል።

ስፔሊንጉ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ፀሐይን አንዷ በ«ቲ» እና «ኤስ» ትጀምራለች፣ ሌላዋ በ«ኤስ» ብቻ፤ መጨረሻው ላይ አንዷ «ዋይ»፣ ሌላዋ «አይ» ታደርጋለች። ቃልኪዳን በ«ኬ» ነው በ«ኪው»? መኮንን ላይ ስንት «ኤን» አለ? ኮምፒውተሩ «ፀሐይን ፈልግልኝ» ሲባል የገባለትን ፊደል ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ጓደኛን መፈለግ ማለት ስሙን በሚቻለው ስፔሊንግ ሁሉ እየቀያየሩ መሞከር ነበር። አንዳንዴ ይገኛል። አንዳንዴ ሞክሼ ይገኝና «ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም» የሚል መልስ ይመጣል።

ታዲያ እነዚያ ማውጫዎች ምን ነካቸው? አንደኛው ምክንያት ለጓደኛ የተከፈተው በር ለአጭበርባሪም ክፍት መሆኑ ነው። አይፈለጌ መልእክት የሚልኩ ሰዎች አድራሻዎችን ከማውጫ በጅምላ ይለቅሙ ጀመር። ሁለተኛው፣ ጓደኛ ፍለጋው ራሱ ወደ ሃይ ፋይቭና ፌስቡክ ተዛወረ።

እዚያም የቆየው ችግር ተከተለ። ፌስቡክ በሚያዝያ 2018 ሰውን በስልክ ቁጥርና በኢሜይል መፈለግን ዘጋ፤ መንገዱን ተጠቅመው የብዙ ሰው መረጃ የለቀሙ እንዳሉ ራሱ አምኗል። በ2021 ደግሞ የ533 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥርና ሌላ መረጃ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግፎ ተገኘ። ያም የተለቀመው የስልክ ማውጫን ተጠቅሞ ጓደኛ ለማግኘት በተሠራ አገልግሎት በኩል ነበር።

ይህ ለእናንተ ምናችሁ ነው? መጥፋት ዛሬም አለ። የዛሬ ጓደኝነት አብዛኛው የተንጠለጠለው በአንድ ሲም ካርድና በአንድ አካውንት ላይ ነው። ስልክ ይሰረቃል። ቁጥር ከ09 ወደ 07 ይቀየራል። ጎግልም ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንትን ሊሰርዝ እንደሚችል አሳውቆ ከታህሳስ 2023 ጀምሮ መሰረዝ ጀምሯል። አረብ አገር የሄደች የክፍል ጓደኛችሁ ሲሟ ሲቀየር ምን ይዛችሁ ትፈልጓታላችሁ?

መላው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ለስማችሁ አንድ ስፔሊንግ ምረጡና በሁሉም ቦታ በዚያው ጻፉ፤ ከጎኑ በአማርኛም ጨምሩበት። ሁለተኛ፣ ፕሮፋይላችሁ ላይ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት አስቀምጡ፤ የድሮ ጓደኛ የሚያውቃችሁ በእሱ ነው። ልደት፣ የቤት አድራሻ፣ ስልክ ግን ለሁሉም አይታይ። ሦስተኛ፣ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ግቡና በቁጥራችሁ ማን ሊያገኛችሁ እንደሚችል ራሳችሁ ወስኑ።

የምትፈልጉት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ የሰው ፎቶና ስልክ ግሩፕ ላይ ለጥፋችሁ «ይህችን ልጅ የምታውቁ» አትበሉ። የምታውቃትን ሰው ፈልጋችሁ «እየፈለግናት ነው በልልን» ብላችሁ ላኩ። መጥፋቱን ራሷ መርጣው ሊሆን ይችላል፤ ዝም ካለች ዝምታውም መልስ ነው።

ድንገት ተገኘሁ የሚል የድሮ ጓደኛ በሦስተኛው መልእክት «ትንሽ ብር ላክልኝ» ካለስ? አካውንቱ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። «ስምንተኛ ክፍል አጠገብህ ማን ነበር የሚቀመጠው?» በሉት፤ ወይም ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። እውነተኛ ጓደኛ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ይስቃል።

የድሮው ማውጫ ጉድለት ቢበዛበትም አንድ ጥሩ ነገር ነበረው። ሰዎች የሚፈልጋቸው እንዲያገኛቸው ብለው ስማቸውን በትክክል ይሞሉበት ነበር። አሁን የብዙዎቻችን ፕሮፋይል ላይ ያለው የአበባ ፎቶና ጓደኞቻችን ሰምተውት የማያውቁት ስም ነው። ዛሬ ማታ ስልካችሁን አንሱና ስማችሁን ከነትምህርት ቤታችሁ ፈልጉት። ራሳችሁን ካላገኛችሁት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚፈልጋችሁ ጓደኛም አያገኛችሁም።