ውሸታሟ ልጅ እውነት ስትናገር፦ «ዘ አምበር ስፓይግላስ»

«ዘ አምበር ስፓይግላስ» እንግሊዛዊው ደራሲ ፊሊፕ ፑልማን ለወጣቶች የጻፈው «ሂዝ ዳርክ ማቴሪያልስ» የተሰኘ ባለ ሦስት ቅጽ ምናባዊ ልቦለድ መደምደሚያ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ1995፣ ሁለተኛው በ1997፣ ሦስተኛው በ2000 እ.ኤ.አ. ታተሙ። ይህ ሦስተኛው የ2001ን የዊትብሬድ የዓመቱን ምርጥ መጽሐፍ ሽልማት ሲያሸንፍ፣ ለልጆች ከተጻፉ መጻሕፍት ለዚያ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ሆነ።

የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ላይራ የተወለደችበት ዓለም የሰው ነፍስ በእንስሳ አምሳል ከጎኑ የምትሄድበት ነው። ልጅቷ ውሸት ይዋጣላታል። በመጀመሪያው ቅጽ የድቦቹን ንጉሥ ስታታልል፣ ወዳጇ የሆነው ድብ «ባለ ብር ምላስ» የሚል ስም አወጣላት። ከእኛው ዓለም የመጣው ዊል ደግሞ በዓለማት መካከል መስኮት የሚቀድድ ቢላ ይዟል።

በሦስተኛው ቅጽ ሁለቱ ልጆች በሕይወት ሳሉ ወደ ሙታን አገር ይወርዳሉ። ላይራ ሳታውቅ ለሞት የዳረገችውን ጓደኛዋን ሮጀርን ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። በሩን የሚጠብቁት ሃርፒዎች፣ የሴት ፊት ያላቸው አስፈሪ አሞሮች፣ ናቸው። ላይራ እንደ ልማዷ የፈጠራ ታሪክ ስትጀምርላቸው አንዷ «ውሸታም!» እያለች ትወርድባታለች። በኋላ ግን ሙታኑ ስለ ፀሐይና ነፋስ ንገሪን ብለው ሲለምኗት፣ በኦክስፎርድ ጭቃ ውስጥ ከልጆች ጋር የተዋጋችውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ታወራለች። ሃርፒዎቹም ተሰብስበው በጸጥታ ያዳምጣሉ። እስከዚያች ቀን የሰውን ክፋት ብቻ ሲመገቡ ኖረዋልና እውነት ሲቀምሱ ይጠግባሉ። ከዚያ ወዲያ ውሉ ይህ ይሆናል፦ የኖረበትን ሕይወት በእውነት የሚተርክ ሙት ሁሉ፣ ዊል በቢላው ወደሚቀድደው የመውጫ መስኮት ይመራል።

በርዕሱ «ስፓይግላስ» የተባለው መነጽር የፊዚክስ ተመራማሪዋ የሜሪ ማሎን ሥራ ነው። ሜሪ በዘር ፍሬ መንኮራኩር በሚንከባለሉት፣ ሙሌፋ በተባሉት ፍጡራን መካከል እየኖረች፣ ከዛፍ ሙጫ በሠራቻቸው ሁለት ስስ ዝርግ ቁራጮች ዓይን የማያየውን «አቧራ» ታያለች። አቧራው የሚያስቡ ፍጡራንን የሚከተል ረቂቅ ቅንጣት ነው። በመነጽሩ ስታየው ግን ከዓለማት እየፈሰሰ ሲጠፋ ታገኘዋለች፤ የሙሌፋ ዛፎችም በዚሁ ሳቢያ ይደርቃሉ።

መጽሐፉ ብዙ አማኞችን አስቆጥቷል፤ አምላክ ነኝ ያለው «ባለሥልጣን» በፑልማን ትረካ ፈጣሪ ያልሆነ፣ ያረጀ መልአክ ነውና። እንደራሴው ሜታትሮን ቀድሞ ሄኖክ የተባለ ሰው ነበር። ይህ ሐሳብ ከጥንት የአይሁድ ምሥጢራዊ ጽሑፎች የተቀዳ ነው። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየውን መጽሐፈ ሄኖክን የሚያውቅ አንባቢ ግን ሌላም ነገር ያስታውሳል፦ የሰው ሴቶችን ተመኝተው የወደቁትን መላእክት። ሜታትሮንም የሚወድቀው በሴት ምኞት ነው። የላይራ እናት ወይዘሮ ኩልተር በትልቁ ውሸቷ አታልላ ወደ ጥልቁ ትወስደዋለች፤ ራሷም አብራው ትጠፋለች። እናት ልጇን በውሸት ታድናለች፤ ልጅ ሙታንን በእውነት።

የዚህ ሁሉ ዋጋ መጨረሻ ላይ ይከፈላል። አቧራው በዓለማት መካከል በተቀደዱት መስኮቶች በኩል ፈስሶ እንዳያልቅ ሁሉም መዘጋት አለባቸው፤ ክፍት ሆኖ መቆየት የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ላይራና ዊል ተዋደዋል፤ ሆኖም ሰው ከተወለደበት ዓለም ውጭ ረጅም ዕድሜ አይኖረውም። ያቺን አንዲት መስኮት ለራሳቸው ቢያደርጓት የሙታን መውጫ ይዘጋል። ስለዚህ ለሙታን ይተዉላቸውና ይለያያሉ።

ብዙ የወጣቶች ምናባዊ ታሪክ በድልና በዘውድ ይዘጋል። ፑልማን ግን ለወጣት አንባቢው ሙሉ እምነት ሰጥቶታል፦ ለሌላው የሚበጀው ለራስ የሚያም ሊሆን እንደሚችል መረዳት ይችላል ብሎ። ቢቢሲና ኤችቢኦ በ2022 ያቀረቡት፣ ከመጻሕፍቱ የተሠራው ተከታታይ ፊልም ሦስተኛ ምዕራፍ ይህንኑ ቅጽ ይከተላል። መጽሐፉን ማንበብ የሚሻ ግን ከመጀመሪያው ቅጽ ይጀምር፤ የላይራን ውሸቶች ያልሰማ የእውነቷን ክብደት ሊመዝን አይችልም።